ከሥልጠናው በፊት የሥራ ማስታወቂያውን ማንበብ

ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም ሥራቸውን ካጡት አንዷ ነኝ። እሠራበት የነበረው ፕሮጀክት ገንዘቡ የሚመጣው ከዚያ ነበር። መጀመሪያ «ለጊዜው ነው» ተባልን፣ ቀጥሎ የስንብት ደብዳቤ ተሰጠን። የፋይናንስ ረዳት ነበርኩ። በአካውንቲንግ ዲግሪም የሥራ ልምድም አለኝ፤ ግን በዚያ ሰሞን እንደኔ ዓይነት ሲቪ የያዘ ሰው አዲስ አበባን ሞልቷት ነበር። ሁላችንም የምናንኳኳው ደግሞ ያንኑ የኤንጂኦ በር ነው።

ሥራ የፈታ ሰው ቤት ውስጥ ሲታይ ምክሩ አይጠፋም። «ቤት ከምትቀመጪ አንድ ነገር ተማሪ።» ወንድሜ ማስተርስ ያዢ አለኝ። የአክስቴ ልጅ ግራፊክስ ዲዛይን አለች። አንዲት ጎረቤታችን ቪዲዮ ኤዲቲንግ ብር አለው ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ወጣ ስል ደግሞ ከሜክሲኮ እስከ መገናኛ ምሰሶው ሁሉ የሥልጠና ወረቀት ለብሷል፤ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር፣ ቤዚክ ኮምፒውተር፣ ዲጂታል ማርኬቲንግ፣ የውበት ሥራ፣ ከሥሩም «ሲጨርሱ ከሥራ ጋር እናገናኛለን»።

በእጄ የነበረችው ከሥራ ስሰናበት የተከፈለችኝ ቁጠባ፣ ፕሮቪደንት ፈንዴ ናት፤ እሷም ለቤት ኪራይ የምትጠበቅ። ስለዚህ ምን እንደምማር ሳላውቅ ስንት እንደማወጣ ወሰንኩ፦ ለሥልጠና የሚሄደው ከአንድ ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጊዜውም ሥራ ከመፈለግ እንዳያግደኝ። ማስተርሱ በዚህ መስፈርት ብቻ ወደቀ። ወንድሜ ቅር አለው፤ የሱ ሐሳብ ክፉ አይደለም፣ ግን ደሞዝ ላለው ሰው ነው።

ከዚያ የሥልጠና ማስታወቂያ ማየት ትቼ የሥራ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመርኩ። ሪፖርተር ጋዜጣን እሁድና ረቡዕ እየጠበቅኩ፣ በየቀኑ ደግሞ የቴሌግራም ቻናሎቹን። ለማመልከት ብቻ አይደለም፤ የማይቀጥሩኝንም አነባለሁ። ደብተር ላይ የሚጠየቀውን ነገር በግራ እጽፋለሁ፣ በቀኝ በኩል «አለኝ»፣ «የለኝም»፣ ወይም «አለኝ ግን ማሳየት አልችልም» እላለሁ። ከሁሉ የጠቀመኝ ይህ ሦስተኛው ነው። ለምሳሌ ኤክሴል በየቀኑ እጠቀም ነበር፤ ግን ኮምፒውተር ላይ አስቀምጠው «ይህንን የደሞዝ ሠንጠረዥ ከባዶ ሥሪ» ቢሉኝ እቸገራለሁ፤ ለዓመታት የሠራሁት ሌላ ሰው ባዘጋጀው ፎርም ላይ ነው።

ደብተሩ እየሞላ ሲሄድ አንድ ነገር ወጣ። ሰው የሚፈልጉት አስመጪዎች፣ ፋብሪካዎች፣ ተቋራጮችና የግል ሆስፒታሎች ናቸው፤ የሚጠይቁትም በተለያየ አማርኛ ያው ነው፦ የታክስ ሕግ ዕውቀት፣ ቫት ማሳወቅ፣ የስቶክ ቁጥጥር፣ ፒችትሪ። ኤንጂኦ ውስጥ የሠራ ሰው የፔቲ ካሽና የአድቫንስ ማወራረድ፣ የባንክ ማስታረቅ፣ ለለጋሽ የሚቀርብ ሪፖርት ያውቃል። እኔ ቫት ስከፍል ኖሬያለሁ እንጂ አሳውቄ አላውቅም፤ ድርጅታችን አይሸጥማ! በግዢ የተከፈለውን ቫት በሽያጭ ከተሰበሰበው ላይ ቀንሶ፣ ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ዕለታዊ ማጠቃለያ (ዜድ ሪፖርት) ጋር አስታርቆ በየወሩ ማቅረብ ለኔ የመማሪያ መጽሐፍ ነገር ነበር። ክፍተቴ እዚህ ጋ ነው።

ይህንን ይዤ የቀድሞ ባልደረባዬ አጎት ዘንድ ሄድኩ። ለብዙ ነጋዴዎች ሒሳብ የሚሠሩ፣ ቢሮ ያላቸው ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ አዲስ ሰው ሲቀጥሩ ምን ይጎድለዋል?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ፒችትሪ የሚያውቅ ሞልቷል» አሉኝ። «ደረሰኝ አገላብጦ፣ ይሄ ተቀባይነት አለው፣ ይሄ የለውም የሚል ሰው ነው ያጣሁት።»

ቀጥለው የሰጡኝ ምክር ከማንኛውም የሥልጠና ብሮሹር ይበልጣል፦ ኩባንያዎች ዓመታቸውን ሰኔ 30 ስለሚዘጉና የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ (ኩባንያዎችና ከፍ ያለ ገቢ ያላቸው ነጋዴዎች) ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ዓመታዊ ሒሳቡን ስለሚያቀርብ፣ በነዚያ ወራት ሒሳብ ቢሮዎች ሰው ያጥራቸዋል። «ለዚያ ወቅት ድረሺ» አሉኝ። ቀኑ ከታወቀ ምርጫው ይጠባል። ሰኔ ላይ ማለቅ የማይችል ሥልጠና ሁሉ ከዝርዝሬ ወጣ።

ማሠልጠኛዎቹን እየዞርኩ ስጠይቅ ዋጋ የምጠይቀው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የምጠይቀው «ቫት የምታስተምሩት በየትኛው አዋጅ ነው?» የሚለውን። የድሮው የቫት አዋጅ 285/1994 በአዲሱ 1341/2016 ተተክቷል። አንድ ቦታ የተሰጠኝ ማኑዋል የሚጠቅሰው የድሮውን ነበር፤ አመስግኜ ወጣሁ። ቀጥሎ «እውነተኛ ደረሰኝ እንነካለን ወይስ ስላይድ ነው?» እላለሁ። ሦስተኛው «ባለፈው ዙር ጨርሶ ሥራ የገባ አንድ ሰው አገናኙኝ» የሚል ነው። እዚህ ላይ ብዙዎቹ ይደውሉልሻል ይላሉ፣ አይደውሉም። የመረጥኩት ቤት የራሱን ተማሪ ስልክ ሰጠኝ፤ ልጅቷም አልሸነገለችኝም፤ «ሥራ አላገኙልኝም፣ ግን የቅጥር ፈተናውን ያለፍኩት በሱ ነው» አለችኝ። ተመዘገብኩ። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ስለሆነ የሥራ ቀኖቼ ለማመልከቻና ለኢንተርቪው ነፃ ሆኑ።

ነፃ ስለሆኑት ሥልጠናዎች ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ገንዘብ አያስከፍልም፤ ፕሮግራሚንግ ወይም ዳታ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ጥሩ በር ነው። ኮርሴራም መክፈል ለማይችል የፋይናንስ ድጋፍ ማመልከቻ አለው፤ መልሱ ሁለት ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅ ቀደም ብሎ መሙላት ነው። እኔ ኮዲንጉን አልነካሁትም። ክፍያ የለውም ማለት ወጪ የለውም ማለት አይደለም፤ የኢንተርኔት ጥቅልም ሰዓትም ይበላል፣ በደብተሬ ላይ ደግሞ አንድም ቦታ አልተጠየቀም። ኤክሴልን ግን በነፃ ዩቲዩብ ላይ ነው የተማርኩት። የሚከፈልበት የኤክሴል ክፍል መግባት ለኔ ትርጉም አልነበረውም፤ ቪዲዮውን አስቁሜ እጄን ማስለመድ ስለምችል። ደረሰኝ መመርመርን ግን ከቪዲዮ አላገኘውም፤ ገንዘቤን ያወጣሁት ለሱ ነው።

ሠርተፊኬት ላይ ያለኝ አቋም እንደ ሰውየው ይለያያል። በቴክኒክና ሙያ ደረጃ 3 ወይም 4 ለጨረሰ ልጅ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘናውን ማለፍ ከማንኛውም አጭር ሥልጠና ይቀድማል፤ ያለሱ ብዙ ቀጣሪ ዲፕሎማውን አያየውም። ከ2015 ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ለጨረሰ ደግሞ የመውጫ ፈተናው ነው። ዲግሪውንም ልምዱንም ለያዘ እንደኔ ላለ ሰው ግን የአጭር ሥልጠና ወረቀት ፋይል ከማሳበጥ በቀር የሚጨምረው ጥቂት ነው። ሲቪዬ ላይ «ሠርተፊኬት» ከሚለው ሥር ሳይሆን «መሥራት የምችለው» ከሚለው ሥር ነው የጻፍኩት፤ «ወርሃዊ የቫት ማሳወቂያ ከደረሰኝ ጀምሮ አዘጋጃለሁ» ብዬ።

ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ሐምሌ 2017 ላይ የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሻለ፤ ማሻሻያው 1395/2017 ነው። ከደሞዝ ግብር ነፃ የሚሆነው 600 ብር የነበረው 2,000 ሆነ፤ 35 በመቶ የሚጀምረውም ከ10,900 ሳይሆን ከ14,000 በላይ ሆነ። ተምሬ የወጣሁት ሠንጠረዥ አረጀ ማለት ነው። ግን ፎርሙን ኤክሴል ላይ ራሴ ስለሠራሁት የለወጥኩት ቁጥሮቹን ብቻ ነበር። ብዙም አልቆየ፣ አንድ አስመጪ ኩባንያ ለፈተና ጠራኝ። ኮምፒውተር ላይ አስቀምጠው የ12,000 ብር ደሞዝ የተጣራው ስንት ነው አሉኝ። በአዲሱ ሠንጠረዥ ግብሩ 2,250፣ የሠራተኛው 7 በመቶ ጡረታ 840፣ የተጣራው 8,910 ብር። አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ፣ 1,320 ብር ይጨምራል። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ግብሩን 2,700 ብሎ ጻፈ፤ የድሮው ነው። በፒችትሪ ከኔ በጣም ይፈጥናል።

የተቀጠርኩት መጀመሪያ ለሒሳብ መዝጊያው ወቅት በጊዜያዊነት ነው። ጥቅምት ሲያልቅ ቋሚ ውል ሰጡኝ፣ የ60 የሥራ ቀኑን የሙከራ ጊዜም አለፍኩ። ደሞዙ ከኤንጂኦው ያንሳል፤ ይህንን ሳልናገር ባልፍ አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። ከተማርኩት ውስጥ እስካሁን ያልነካሁት የፋብሪካ ኮስት አካውንቲንጉን ነው፤ እኛ ጋ ዕቃ ይገባል ይሸጣል እንጂ አይመረትም።

ደብተሩን አሁንም አልጣልኩትም። ሰሞኑን ከፍ ባሉት የሒሳብ መደቦች ላይ እየተደጋገመ የመጣው አይኤፍአርኤስ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ነው። በሱ እንዲሠራ ያዘዘው አዋጅ 847/2006 ከወጣ ስንት ጊዜው፤ ኩባንያዎች ግን ሪፖርቱን ከውጭ ባለሙያ ሲያሠሩ ይከርማሉ፣ ውስጥ ያለው ሒሳብ ሠራተኛ አያየውም። ለአለቃዬ የሥልጠናውን ዋጋና ለውጭ ባለሙያ በየዓመቱ የምንከፍለውን ጎን ለጎን አድርጌ በደብዳቤ አቅርቤያለሁ፤ ክፍያውን ኩባንያው እንዲችለው። «እናየዋለን» ብለውኛል።