ትዝታም ሪዲም ነው

ዓርብ ማታ ዳንስሆል (የጃማይካ የጭፈራ ሙዚቃ)፣ ቅዳሜ የሐበሻ ሠርግ፣ በአዘቦቱ ቀን ደግሞ መጋዘን። ቶሮንቶ ውስጥ ኑሮዬ ይኼ ነው። መጋዘኑ የቤት ኪራይ ይከፍልልኛል። ሠርጉ ስፒከርና ማይክ ይገዛልኛል። ቢት፣ ማለትም ዘፋኝ የሚዘፍንበትን ምት፣ የመሥራት ሙያውን ያስተማረኝ ግን ዳንስሆል ነው።

ኤግሊንተን ዌስት ላይ ትንሿ ጃማይካ የሚሏት ሰፈር አለች። ጃኪ ሚቱን የመሰለ ኪቦርድ ተጫዋች፣ ሊሮይ ሲብልስን የመሰለ ድምፃዊና ባሲስት ከጃማይካ መጥተው የኖሩት እዚሁ ቶሮንቶ ነው። በፈረንጆቹ 2011 የባቡር መስመር ግንባታ ተጀመረና መንገዱ ለዓመታት ታጥሮ ቆየ። ብዙ ሱቆች ተዘጉ። ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል።

እዚያ ሰፈር የገባሁት የአንድ ጃማይካዊ ሽማግሌን ስፒከር እየተሸከምኩ ነው። አንክል እለዋለሁ። ከኢትዮጵያ መሆኔን ሲሰማ መጀመሪያ ያነሳብኝ የጃንሆይን ነገር ነበር። በፈረንጆቹ 1966 ኪንግስተን፣ ጃማይካ ሲገቡ አውሮፕላን ማረፊያውን ካጥለቀለቀው ሕዝብ መሃል እናቱ ነበሩ። ጃማይካውያን ለአገሬ ስም የሚሰጡት ክብር ልብ ይነካል። ሚክስ ላይ ግን አንክል ለማንም አያዝንም። የመጀመሪያ ቢቴን አስደመጥኩት። ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ክራር፣ ከበሮ፣ ሁሉንም አስገብቼበት ነበር። ሰምቶ ሲጨርስ፣ «ዘፋኙ የት ይቁም?» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቢት ስሠራ መጀመሪያ የማስበው የድምፃዊውን ቦታ ነው። ባስና ኪክ (ከባዱ የድራም ምት) ይቀራሉ፣ ሌላው እየተመረጠ ይገባል።

ራፕም ቢሆን ከዚሁ ከጃማይካ ቤት የወጣ ነው። ዲጄ ኩል ሄርክ ኪንግስተን ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ኒውዮርክ የሄደ ሰው ነው። በፈረንጆቹ ነሐሴ 1973 ብሮንክስ ውስጥ እህቱ ባዘጋጀችው ድግስ ላይ ሙዚቃ አጫወተ። ሂፕሆፕ ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያ ምሽት ነው። ግዙፍ ስፒከር ደርድሮ፣ በማይክ ሕዝቡን እያሞቁ ማስጨፈር የጃማይካ ሳውንድ ሲስተም ልማድ ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የማረከኝ ግን ሪዲም ነው። አንድ ፕሮዲውሰር አንድ ምት ይሠራል። በዚያው ምት ላይ አሥርም ሃያም ድምፃዊ የየራሱን ግጥምና ዜማ ይጭናል። ስሌንግ ቴንግ የሚባለውን ሪዲም ውሰዱ። ካሲዮ ኤምቲ 40 የምትባል ትንሽ ኪቦርድ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ምት ነበር። ያዘጋጀችው ሂሮኮ ኦኩዳ የምትባል ጃፓናዊት የካሲዮ ሠራተኛ ናት። በፈረንጆቹ 1985 ፕሮዲውሰሩ ኪንግ ጃሚ ከድምፃዊው ዌይን ስሚዝ ጋር ሠራውና የጃማይካን ሙዚቃ ወደ ዲጂታል ወሰደው። ከዚያ በኋላ በዚያ ሪዲም ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘፈኖች ተሠርተዋል። በአንዲት ኪቦርድ! በካሴት ዘመን በአንድ ኪቦርድ ብቻ የተሠሩ አልበሞቻችንን የሚንቅ ሰው ሲያጋጥመኝ ይኼን ታሪክ እነግረዋለሁ።

ታዲያ እኛ ጋ ይኼ የለም? አለ እንጂ። ትዝታን ማን ያልዘፈነ አለ? ዜማው ያው ነው፣ ግጥሙና ለቅሶው ግን የየዘፋኙ። አምባሰልም እንደዚያው። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ «ተቀበል» ስትሉ አዝማሪው የሚሠራው፣ የዳንስሆል ዲጄ (በምቱ ላይ ግጥም የሚያወርደው) ማይክ ይዞ ከሚሠራው በምን ይለያል? ያው ምት፣ በቅጽበት የሚፈጠር ግጥም፣ ከሚጨፍረው ሰው ጋር መነጋገር። ራፐሩ ናስና የሬጌው ዴሚየን ማርሊ በፈረንጆቹ 2010 የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ቆርጠው ሲራፑበት ያማረው በአጋጣሚ አይመስለኝም። በላዩ ላይ የሚናገር ሰው የሚጠብቅ ሙዚቃ ነው።

ችክችካና ዳንስሆልን ማጋባት ግን ያስለፋል። ችክችካ በስድስት ይሄዳል፣ ዳንስሆል በአራት። ብዙ ልጆች ከበሮውን በግድ ወደ አራት ይጎትቱትና ነፍሱ ትወጣለች። እኔ መግቢያ ያገኘሁት ኪኩ ላይ ነው። የዳንስሆል አራት ምት እያንዳንዱ ለሁለት ሲከፈል ስምንት ይሆናል፤ ኪኩ ስምንቱን ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት አድርጎ ይከፍለዋል። ከበሮውን በራሱ አካሄድ እተወውና ከኪኩ ጋር የሚገናኙበትን ቦታ ብቻ አጠነክራለሁ። ትከሻ ሳይታዘዝ ሲንቀሳቀስ ገብቷል ማለት ነው። ይኼን የምፈትነው ሠርግ ላይ ነው፤ ጉራጊኛና ትግርኛ አጫውቼ ሰው ከሞቀ በኋላ ቀስ አድርጌ አስገባዋለሁ። እናቶች ከተነሡ ቢቱ አልቋል።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልበል። ቢቴን በስሙ ያወጣ ልጅም፣ ሌሊቱን ሙሉ አሠርቶኝ ስልኩን የዘጋ የክለብ አዘጋጅም አውቃለሁ። ይኼ የብዙ ሐበሻ ፕሮዲውሰር ታሪክ ነው፤ «ወንድሜ፣ በኋላ እንነጋገራለን» እየተባባልን። ድርሻ የሚጻፈው ከስቱዲዮ ሳይወጣ ነው። ካናዳ ውስጥ ሶካን የሚባለው ድርጅት ዘፈኑ በሬድዮ ሲሰማ ለደራሲዎቹ የሚከፍለው በተመዘገበው ድርሻ ልክ ነው። ስምህ ከሌለ ክፍያ የለም። ማስፈረም ወንድምን መጠርጠር አይደለም።

አሁን የትዝታ ሪዲም እየሠራሁ ነው። ምቱ አልቋል፤ ባስ፣ ኪክ፣ ከበሮና አንድ ክራር ብቻ። አንክል በፓትዋ፣ በጃማይካውያን አነጋገር፣ አንድ ቨርስ ጭኖበታል። አንዲት የሰፈራችን ራፐር በአማርኛ ጀምራለች። በኦሮምኛና በትግርኛ የሚጭኑበት ድምፃውያን እየፈለግኩ ነው። የድርሻ ወረቀቱ ስቱዲዮው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ማይክ የሚይዝ ሁሉ መጀመሪያ እሱ ላይ ይፈርማል።