ከእንጦጦ እስከ መናገሻ ሱባ በእግር

የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ አዲስ አበባን ከሰሜን የሚያዋስነው ሸንተረር የብዙ ቤተሰቦች የእሑድ መዋያ ሆኗል፤ በዚህም ከልብ ደስ ይለኛል። ይሁን እንጂ በመኪና ወጥቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚመለስ ሰው ተራራውን አይቶታል ለማለት ይከብደኛል። ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ ሰው ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ከፍታ በገዛ ትንፋሹ ይለካዋል። ሯጮቻችን ለልምምድ ይህን ዳገት የሚመርጡበትን ምክንያትም ያኔ ይረዳዋል።

ሸንተረሩ ላይ ሲደርሱ ቆም ብሎ ሁለቱንም ወገን መመልከት ይገባል። በደቡብ በኩል ወደ ከተማዋ የሚወርደው ውኃ በአቃቂ አድርጎ ከአዋሽ ሲገናኝ፣ በሰሜን በሱሉልታ በኩል የሚወርደው ደግሞ በሙገር አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል። አንድ ሰው በጥቂት እርምጃ ከአንዱ ተፋሰስ ወደ ሌላው የሚሻገርበት እንዲህ ያለ መንገድ ለከተማ ቅርብ ሆኖ መገኘቱ ትልቅ ጸጋ ነው።

ዙሪያውን የሸፈነው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ በጫኑበት ዘመን አካባቢው በማገዶ ፍለጋ እየተራቆተ ነበር፤ ኋላም ዋና ከተማዋን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወዳለችው አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እስከ መነሣት ደርሶ ነበር። ቶሎ የሚያድገው፣ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከዚህ ችግር አውጥቷታልና ውለታውን መካድ አይገባም። ሆኖም ከሥሩ የሚበቅለው ነገር ጥቂት ነው፤ ደረቅ ቅጠል የለበሰው ቁልቁለትም የዝናቡን ውኃ ብዙ ሳይዝ ይለቀዋል።

በዚህ መንገድ ላይ የማገዶ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ያጋጥማሉ። ከሸክማቸው ብዛት የተነሣ ጎንበስ ብለው ስለሚሄዱ ከሩቅ አያዩንም፤ ስለዚህ ወደ ዳር ወጥቶ ማሳለፍ፣ «እናቴ፣ አይዞዎት» ብሎ ሰላምታ መስጠት የእኛ ፋንታ ነው። ብዙዎቹን የእግር መንገዶች የቀየሱት እነርሱና ቤተ ክርስቲያን ሳሚዎች ናቸው እንጂ እኛ ለመዝናናት የምንወጣው አይደለንም።

የቀድሞው ደን ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ የሚሻ ሰው በምዕራብ በኩል ወደ ወጨጫ ተራራ፣ ወደ መናገሻ ሱባ ይሂድ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። እዚያ ያለው ጽድ ግንዱን ለማቀፍ ሁለት ሰው የሚያስፈልገው ነው። ከሥሩ ወይራው፣ ዝግባው፣ ከፍ ሲሉም ኮሶው ይከተላል፤ በቅርንጫፎቹ ላይ ጉሬዛ ይዘላል፤ ማልዶ ዝም ብሎ ለሚሄድም የምኒልክ ድኩላ ሊታየው ይችላል። ወደ ላይ ሲወጣ ደኑ እያጠረ ሄዶ በአስታ ቁጥቋጦ ይተካል። በክረምት ጭቃው ስለሚያንሸራትት ከመስቀል በኋላ ያሉትን ወራት እመርጣለሁ። በአካባቢው መንገዱን የሚያውቅ ሰው አስከትሎ መሄድም ለደኅንነትም ለዕውቀትም ይጠቅማል።

ከመናገሻ ሱባ በኋላ ወደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ቢሄዱ ዓይን ሌላ ነገር ያያል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ባቋቋሙት በዚህ ስፍራ የባሕር ዛፉ ቦታ ለአገር በቀል ዛፎች እየተለቀቀ ነው፤ ከመንገዱ ወጥቶ አቋራጭ መፈለግ ገና ያልጠነከረውን ጽድና ኮሶ መርገጥ ይሆናል። በየክረምቱ ችግኝ ለመትከል ወደነዚህ ተራሮች የምንወጣ ሁሉ በየካቲትና በመጋቢት፣ መሬቱ በሚደርቅበት ጊዜ፣ በዚያው መንገድ ተመልሰን የትኛው እንደጸደቀ፣ የትኛው ውኃና አጥር እንደሚሻ ብናይ የእግር ጉዟችንም ለተራራው ይጠቅም ነበር።