የቡላ ቅበላ

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ! ሃምሳ አምስቱን ቀን በሽሮና በጎመን፣ በምስርና በሱፍ ፍትፍት ተሻግራችሁ ዛሬ ከዶሮው ለደረሳችሁ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምሱ ለሰነበታችሁም ሆነ «ዘንድሮስ አቅም አጣሁ» ብላችሁ በሐሳብ ለጾማችሁ፣ በዓሉ የሁላችሁም ይሁን። ይህን የምጽፈው እሑድ ሚያዝያ 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ ነው። ባለቤቴ ነርስ በመሆኗ ትናንት ሌሊት ተረኛ ነበረች፤ ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ በሌሊት ሲገድፍ እኔ ድስቱን ስጠብቅ አድሬ፣ ሁለታችን አብረን የቀመስነው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ እሷ የሥራ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም ነበር። አሁን ተኝታለች። ቤቱ በጣም ጸጥ ብሏል።

ከጥር ወዲህ ብዙዎቻችሁ «ቡላ የት ጠፋ? ፎቶውን ካየን ቆየን» እያላችሁ ጠይቃችሁኛል። ለአብዛኞቻችሁ መልስ አልሰጠሁም፤ ለአንዲት እህታችን ግን «ደህና ነው፤ እርጅና ተጫጫነው እንጂ» ብዬ ጽፌላታለሁ። ያን ጊዜ ቡላ ከተቀበረ አሥራ አንድ ቀን ሆኖት ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ። በየቤቱ የሰው ሐዘን በበዛበት በዚህ ዘመን የውሻ መርዶ ይዤ አደባባይ መውጣት አሳፍሮኝ ነው እንጂ ላታልልሽ ፈልጌ አይደለም። ቡላ ጥር 23 ቀን ሊነጋጋ ሲል ሞቷል።

በ2006 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ ከደብረ ብርሃን ማዶ በነበረ አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ፣ እናቱ ከቆመ ግሬደር ሥር ስድስት ቡችሎች ወለደች። አምስቱን የካምፑ ሰዎች ሲከፋፈሏቸው ማንም ያልመረጠው፣ አቧራ የመሰለው ስድስተኛው ለእኔ ደረሰኝ፤ ስሙም ከመልኩ ወጣለት። በካርቶን አድርጌ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደተከራየነው ቤት ሳመጣው ባለቤቴ ካርቶኑን ከፍታ አየችውና «ማን ሊያበላው ነው? አንተ ፊልድ፣ እኔ ዱቲ!» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነበር፤ ለአሥራ አንድ ዓመት ተኩልም መልስ ስንፈልግለት ኖረናል።

ኑሯችንን ለማታውቁ ልንገራችሁ። እኔ የመንገድ መሐንዲስ ነኝ፤ ከወሩ ሃያውን ቀን ሳይት ላይ እውላለሁ። በቀሩት ቀናትም እሷ ከሌሊት ሥራ ስትገባ እኔ ወደ ቢሮ ስወጣ በር ላይ የምንተላለፍ ባልና ሚስት ነን። ይህ አኗኗራችን ከማንም በፊት የገባው ለቡላ ነው። ጠዋት እሷ ቁርሱን ሰጥታው ትተኛለች፤ እኔ ቁልፌን ሳነሣ ባዶ ሳህኑን በአፍንጫው እየገፋ እንደተበደለ ሰው ያየኛል፤ እኔም አዝኜ ሁለተኛ ቁርስ እጨምርለታለሁ። ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቆይ ሙክት መሰለ። ነገሩ ሲነቃበት ባለቤቴ አንድ ደብተር በሲባጎ አሥራ ከፍሪጁ ጎን ሰቀለች፤ ያበላው ሰው «ቡላ በልቷል» ብሎ ሰዓቱን እንዲጽፍበት ነበር።

ደብተሩ ሲውል ሲያድር ሌላ ነገር ሆነ። «ቡላ በልቷል። አንተስ?» የሚል መጣ። ከዚያ «ቡላ ዛሬ አኩርፏል፤ ጌታው የአንዲት ሴት ልደት ረስቷል» የሚል፣ ከዚያ ደግሞ በእኔ እጅ «ቡላ የቤት ኪራይ መጨመሩን ሰምቶ በቀን አንድ ጊዜ ለመብላት ወስኗል» የሚል ተከተለ። ቁጭ ብለን የምናወራበት ሰዓት ያጣን ሁለት ሰዎች በውሻ ስም እንጻጻፍ ጀመር። ስንጣላም ያው ነበር። ፊት ለፊት ቢነገር የሚያቀያይመንን ነገር የምንነግረው ለእሱ ነው፤ እሷ ጆሮውን እያሻሸች «ቡላዬ፣ ጌታህ ዛሬም ስልኩን ዘግቶ ዋለ» ትላለች፤ እኔ ከመኝታ ቤት ሆኜ «ቡላ፣ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ እንደነበርኩ ንገራት» እላለሁ። እሱ በመካከላችን ተጋድሞ ለሁለታችንም ጅራቱን ይቆላል። እንዲህ እያልን ዘጠኝ ደብተር ጨርሰናል፤ አሥረኛው አሁንም ፍሪጁ ጎን ተሰቅሏል።

የመጀመሪያው ፋሲካው ግን ሊገድለው ነበር፤ ጥፋቱም የራሳችን ነው። በ2007 ዓ.ም. ሁዳዴን ከእኛ ጋር ጾሞ ነበር ማለት ይቻላል። ሉካንዳዎቹ ስለተዘጉ ዳቦና ባዶ ሩዝ ሲበላ ከረመ፤ «እሱም ይገድፍ እንጂ!» ብለን ከዶሮ ወጡ በእንጀራ ፈትፍተን በትልቅ ሳህን ሰጠነው። በሦስተኛው ቀን ከተኛበት አልነሣ አለ። ድዱ ነጥቶ፣ ሽንቱ የሻይ መልክ ይዞ ነበር። ያየችው የእንስሳት ሐኪም ደብረ ዘይት ተምራ የወጣች ወጣት ነበረች፤ የበላውን ስንነግራት የጠየቀችን ስለ ዶሮው ሳይሆን ስለ ሽንኩርቱ ነው። ቀዩም ሆነ ነጩ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ እንደሚያፈርስ፣ መቁላላትም መቀቀልም መርዙን እንደማያጠፋው፣ ጉዳቱም ከቀናት በኋላ ገሃድ እንደሚወጣ አስረዳችን። በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ለጉዳት ይበቃል፤ ቡላ ያን ጊዜ 18 ኪሎ ይመዝን ነበር። ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ሽንኩርት ለመታመም የሚበቃው ውሻ እኛ ሦስት ኪሎ ከተከተፈበት ድስት ነው የጨለፍንለት። ባለቤቴ ሁለት ሌሊት አጠገቡ ተቀምጣ የግሉኮሱን ጠብታ ስትቆጥር አደረች፤ ያቺ ሐኪምም ሳንጠራት ማታ ማታ እየመጣች ታየው ነበር። ዶክተር፣ ይህን ካነበብሽው፣ ከዚያ በኋላ የኖራቸው አሥር ፋሲካዎች ያንቺ ስጦታ ናቸው። ከዚያን ዓመት ጀምሮ የእሱ ድርሻ ሽንኩርቱ ከመከተፉ በፊት ለብቻው ይጣዳል፤ የዶሮ አጥንትም ሲበስል እንደ መርፌ ስለሚሰነጠር አይቀርብለትም።

አባባ የምንላቸው የግቢያችን ዘበኛ ይህን ሁሉ በትዝብት ነበር የሚያዩት። እሳቸው ባደጉበት አገር ውሻ የደጅ ነው። ቡላ ሶፋ ላይ ተዘርግቶ ሲያዩት ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ምግቡን ሲያቀርቡለት ግን «ቡላ፣ ብላ!» ማለቱ ስለሚጥማቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋግሙታል። አንድም ቀን በእጃቸው ነክተውት አያውቁም ነበር። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ «ወረቀቱ ታድሷል?» ብለው ይጠይቁኛል፤ ፊደል ባይቆጥሩም የክትባት ደብተሩን ተቀብለው ማኅተሙን በጣታቸው ፈልገው ካላገኙ አይመልሱልኝም። ነገሩን የማብዛት ልማድ አድርጌ አየው ነበር። አራት ዓመት አብረን ከኖርን በኋላ ነው ታናሽ ወንድማቸው በልጅነቱ ያበደ ውሻ ነክሶት እንደሞተ የነገሩን። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ሳይውል ሳያድር ክትባት መጀመር ሰው ያድናል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን ማዳን የለም ማለት ይቻላል። እነ አባባ ያን ጊዜ ልጁን የወሰዱት ጠበል ነበር፤ ከጠበሉም አልተመለሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማኅተሙን ሲፈልጉ ዝም ብዬ እጠብቃቸዋለሁ።

ኅዳር ላይ የቡላ ኩላሊት መድከሙን ሰማን። ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፣ ምግብ ያሸትና ይተወዋል። በዚያ ሰሞን አንድ ሳምንት ፈቃድ ለመውሰድ አስቤ ነበር፤ የሥራ ርክክብ ደረሰብኝና ለየካቲት አስተላለፍኩት። እሷም ተረኛነቷን ከባልደረባዋ ጋር ለመቀያየር ሞክራ አልተሳካላትም። ጥር 22 ማታ እኔ አዋሽ ማዶ ነበርኩ፤ እሷ ሆስፒታል ነበረች፤ ስልኳ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ የእኔ ደግሞ ኔትወርክ በሌለበት ድንኳን ውስጥ ነበር። በነጋታው ስልኬ ሲሠራ ከአባባ ሰባት ያልተነሣ ጥሪ አገኘሁ። የመጨረሻው የተደወለው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።

እኔ ቤት የደረስኩት በማግስቱ ማታ ሲሆን፣ አፈሩ ላዩ ደርቆ ነበር። ያን ሌሊት አባባ ከበሩ ተነሥተው በረንዳው ላይ ከቡላ አጠገብ ተቀምጠው እንዳነጉ፣ ጋቢያቸውም አብሮት እንደተቀበረ ባለቤቴ ነገረችኝ። ወጥቼ አመሰገንኳቸው፤ ጋቢውን ለምን እንዳለበሱት ስጠይቃቸው «ብርድ ነበረ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

መቃብሩን የሰጡን አከራያችን እማማ ናቸው። ውሻ በገባበት ቤት መልአክ አይገባም እያሉ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የገሠጹን እናት፣ ጠዋት ባለቤቴን አካፋ ይዛ ግቢው ውስጥ ቆማ ሲያዩዋት «ከጽጌረዳው ጎን አድርጊው፤ ግን በደንብ ይጥለቅ፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ጅብ እንዳያወጣው» ብለው ልጃቸውን ለቁፋሮ ላኩላት። እማማ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ የልጅዎን ውለታም አልረሳም።

በዚህ ዓይነት ነገሩ አልፎ የካቲት 8፣ የቅበላ እሑድ ደረሰ። ሥጋ ልገዛ ወደ ሰፈራችን ሉካንዳ ሄድኩ። የሉካንዳው ባለቤት ላለፉት ዓመታት ሁሉ በቅበላ ቀን አንድ ፌስታል ሙሉ መቅኒ ያለው አጥንት ሳልጠይቀው ያስቀምጥልኛል፤ የጾሙን ሰሞን በፍሪጅ አቆይተን በጥቂት በጥቂቱ የምንቀቅልለት ነው። ዘንድሮም ሥጋዬን መዝኖ ሲያበቃ ከባንኮኒው ሥር ፌስታሉን አወጣና «የቡላ ቅበላ» ብሎ አቀበለኝ። አልነገርኩትም ነበር። ከኋላዬ ሰልፍ ነበረ፤ ሰውየውም ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ ላብ ያጠመቀው ፊቱ ፈገግ ብሎ ነበር። ተቀብዬ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ሌላ የማደርገው ስላጣሁ በረዶ ቤቱ ውስጥ ከተትኩት። ባለቤቴ አይታዋለች፤ በረዶ ስታወጣ ወደ ጥግ ገፋ እያደረገችው ጾሙ እስኪፈታ ድረስ አንድም ቀን ስለ እሱ አንሥታ አታውቅም። እኔም አላነሣሁም። ወንድሜ፣ ዛሬ ይህን ስታነብ ለምን እንዳልነገርኩህ ይገባሃል ብዬ አምናለሁ።

ያስቸገረን ይኸው ዝምታ ነበር። ለካ በደህናውም ጊዜ በቀጥታ መነጋገርን ትተነው ኖሯል። አሥረኛው ደብተር ላይ የመጨረሻው መስመር የእሷ ሲሆን፣ ጥር 22 ማታ እየተጣደፈች የጻፈችው ነው፦ «ትንሽ መረቅ ቀምሷል። ረፈደብኝ፣ ሄድኩ።» ከዚያ በታች ሁለት ወር ያህል ባዶ ነበር። መጋቢት አጋማሽ ላይ ግን ከሳይት ማታ አምሽቼ ስገባ እሷ ለሥራ ወጥታ ነበር፤ ውሃ ልጠጣ ወደ ፍሪጁ ስጠጋ ደብተሩ ላይ አዲስ ጽሑፍ አየሁ። «ሽሮው ድስት ውስጥ ነው። ብላ።» የመጨረሻዋን ቃል መጀመሪያ ያነበብኳት ስሙን አድርጌ ነው። እዚያው ቆሜ ደጋግሜ አነበብኳት፤ ከዚያ ሽሮውን አሙቄ በላሁና ከሥሯ «በልቻለሁ። አንቺስ?» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መስመሮቹ እየተመለሱ ነው፤ አሁን የምንጽፈው በየራሳችን ስም ስለሆነ ግን ይከብዳል፤ ቀልዱም እንደ ድሮው አይመጣም።

እንግዲህ የበዓል ምኞቴን ላድርስ። ዛሬ ዱቲ ላይ ያላችሁ፣ ሳይት ላይ የቀራችሁ፣ በረዳት አብራሪነትም በታክሲ ረዳትነትም በዓሉን መንገድ ላይ የምታሳልፉ ሁሉ፣ ቤታችሁ የሚጠብቃችሁን ሰው ለማየት ያብቃችሁ። በግ ያረዳችሁ ደግሞ የተበላሸውን ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ አትወርውሩ፤ ውሃ የቋጠረ እባጭ የሚታይበት ከሆነ በውስጡ ያለው ትል በውሻው ሆድ አድጎ፣ እንቁላሉ በኩሱ ወጥቶ ወደ በጉም ወደ ልጆቻችሁም የሚመለስ ነው። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ርችት የምትወዱ የሰፈሬ ልጆችም፣ ደስታችሁን አልከለክልም፤ ሰው በሰከንድ እስከ 20 ሺህ የሚደርሰውን የድምፅ ንዝረት ሲሰማ ውሻ እስከ 45 ሺህ ያህል ይሰማልና፣ ለእኛ ጨዋታ የሆነው ለእሱ ምን እንደሚሆን አስቡለት። ቡላ በየበዓሉ ዋዜማ የሚያድረው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነበር። ትናንት ሌሊት የመጀመሪያው ርችት ሲፈነዳ ሳላስበው ተነሥቼ በሩን ከፍቼለታለሁ።

ባለቤቴ ጠዋት ከመተኛቷ በፊት ያን ፌስታል ከበረዶ ቤቱ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ምንም አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ከዚያ ጀምሮ በትልቁ ድስት እየተቀቀለ ነው፤ አጥንቱን አውጥቼ በመረቁ ሩዝ እሠራበታለሁ፤ ታክሲ ተራው ጋ ለሚውሉት ለአራቱ ውሾች ነው። የሚያደርሱት አባባ ናቸው። በፋሲካ ያለበስናቸውን አዲስ ጋቢ ደርበው ኩሽናው በር ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ሳለ ክዳኑን ከፍተው ወደ ድስቱ አየት አደረጉና «ሽንኩርት አልገባበትም አይደል?» አሉኝ።