ፒኤስ 2 ዛሬም አለች

ዛሬ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለች አንዲት ጌም ቤት ጎራ ብዬ የፒኤስ (ፕሌይስቴሽን የሚባለው የጌም ማጫወቻ) ክርክር አላስወጣ አለኝ። "ብሮ፣ ፒኤስ 5 ካላስገባህ ገበያ የለህም" ይሉታል ተጫዋቾቹ ባለቤቱን። እሱ አንገቱን ደፍቶ የጆይስቲክ ላስቲክ በአልኮል ይጠርጋል።

ፒኤስ 2 እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥታ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጣለች። የዚህ ቤቷ ፒኤስ 2 ክዳን በፕላስተር ተይዟል፤ ግን ትሠራለች! ፒኤስ 4 ግን አቧራ ሲጠጣ ማራገቢያው ወፍጮ ቤት ያስመስለዋል።

ዋናው ወሬ ጂቲኤ 6 የሚባለው ጌም ነው። ጂቲኤ 5 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013፣ በፒኤስ 3 ዘመን ነው (ግማሾቹ ተከራካሪዎች ያኔ ዳዴ ይሉ ነበር)። አዲሱ ለፒኤስ 4 እንዳልታሰበ ስነግራቸው ቤቱ ተንጫጫ። ባለቤቱ ቀና አለና፣ "መጀመሪያ የትናንቱን ዱቤ ክፈሉ!"