ቀለበቱን ማን ይሸከም? ስለ ፍሮዶና ሳም ዴክ

ረጃጅም የምናብ ልቦለዶችን እያነበበ ያደገ ሰው የካርድ ዴክ፣ ማለትም የሚጫወትበትን የካርዶች ጥቅል፣ ሊሠራ ሲቀመጥ የማይለቀው አንድ አመል አለ፦ ካርዱ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ከመመርመሩ በፊት በካርዱ ላይ ያለው ገጸ ባሕርይ ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ይህ አመል ለውድድር የሚበጅ አይደለም። ሒሳቡን ብቻ ተመልክተው ዴክ የሚሠሩ ጓደኞቼ አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፉኛል፤ እኔም አይከፋኝም። ነገር ግን ታሪኩን መከተልና ሒሳቡን መከተል ሁልጊዜ የተለያዩ መንገዶች ናቸው የሚለውን ሐሳባቸውን አልቀበልም፤ ምክንያቴን ለማስረዳትም ባለፈው ዓመት ስሠራውና ሳሻሽለው የቆየሁትን፣ በቶልኪን «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ክፉውን ቀለበት ሊያጠፉ የሚጓዙት ሁለቱ ጓደኛሞች፣ ፍሮዶና ሳም፣ የሚመሩትን ዴክ በምሳሌነት አቀርባለሁ።

ጨዋታው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ይባላል። ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ የሒሳብ ምሁር የፈጠረው ሲሆን ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በተለመደው የካርታ ጨዋታ ሃምሳ ሁለቱ ካርታ የሁሉም ነው፤ ተበውዞ የደረሰንን ይዘን እንጫወታለን። በዚህ ጨዋታ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች እስካሁን ከታተሙት ከሃያ ሺህ በላይ የተለያዩ ካርዶች መካከል መርጦ የራሱን ዴክ ሠርቶ ይመጣል፤ ስለዚህ የጨዋታው ግማሽ የሚካሄደው ማንም ተቃራኒ በሌለበት፣ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ነው። ተጫዋቹ ድግምተኛ ነው፤ የመሬት ካርዶቹ ማና የሚባል ኃይል ያፈልቁለታል፤ በማናውም ፍጡራንን ይጠራል፣ ድግምት ይሰነዝራል። የአስማት ኃይል ከምድር የሚገኝና የሚያልቅ ሀብት ነው የሚለውን ሐሳብ ላሪ ኒቨን የተባለው ደራሲ በ1969 ባሳተመው አጭር ልቦለድ ውስጥ ማና በሚለው በዚሁ ስም አቅርቦት ነበር፤ የጨዋታው የመጀመሪያ እትምም የደራሲውን ስም ከኋላ ወደ ፊት ገልብጦ የያዘ አንድ ካርድ አለው። ልቦለዱ በጨዋታው ላይ ኋላ የተለጠፈ ጌጥ አይደለም ለማለት ይህ ይበቃል።

በቤታችን ካርታ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ቁማር ስለሆነ እናቴ ካርዶቼን ዘርግቼ ባገኘችኝ ቁጥር «ልጄ፣ ዛሬም ቁማር ነው?» ማለቷን አልተወችም። ያልተከፈተ የካርድ እሽግ ውስጥ ምን እንዳለ ሳያውቁ መግዛት ከቁማር ያን ያህል የራቀ ነገር ስላልሆነ አጥብቄ አልከራከራትም። በሰኔ 2023 በወጣው፣ በጄ. አር. አር. ቶልኪን ዓለም ላይ በተመሠረተው የካርድ ስብስብ ውስጥ አንዲት ብቻ የሆነች፣ 001/001 የሚል ቁጥር የታተመባት የቀለበት ካርድ በአንዱ እሽግ ውስጥ ተደብቃ ነበር፤ ዘፋኙ ፖስት ማሎን በ2 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷታል። እኔ እሽግ አልገዛም፤ የምፈልገውን ካርድ ለይቼ በነጠላ እገዛለሁ።

ብራንደን ሳንደርሰን፣ እርሱ ራሱ የዚህ ጨዋታ ወዳጅ የሆነው ደራሲ፣ በ2007 ባወጣው ጽሑፍ አንድ ደራሲ በታሪኩ ውስጥ ያለውን ችግር በአስማት አጥጋቢ አድርጎ ሊፈታ የሚችለው አንባቢው የአስማቱን አሠራር በተረዳው ልክ ነው ይላል። ቶልኪን በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ በታተመው «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» የሄደበት መንገድ ከዚህ በእጅጉ ይለያል። ቀለበቱ በትክክል ምን እንደሚሠራ ደንብ አልተጻፈለትም፤ ተሸካሚውን ከዓይን ይሰውራል፣ ዕድሜውን ይጎትታል፣ ልቡን ያበላሻል፤ ከዚያ በላይ ያለውን አንባቢው በፍርሃት ነው የሚያውቀው። ካርድ ግን ደንብ ሳይኖረው ካርድ መሆን አይችልም። በመሆኑም ካርዶቹን የነደፉት ሰዎች ቶልኪን ክፍት የተወውን ሁሉ ወስነው በቁጥር ማስፈር ነበረባቸው፤ እኔም እያንዳንዱን ካርድ የማነበው እንደ አንድምታ፣ መጽሐፉ ምን ማለቱ እንደሆነ እንደሚተረጉም የመምህር ቃል ነው።

ከሁሉ የተዋጣው ትርጓሜ «ቀለበቱ ይፈትንሃል» የሚለው ደንብ ነው። አንድ ካርድ ይህን ባዘዘ ቁጥር ተጫዋቹ ከፍጡራኑ አንዱን ቀለበት ተሸካሚ አድርጎ ይሾማል፤ ፈተናው በተደጋገመ ቁጥርም ተሸካሚው እስከ አራት የሚደርሱ ኃይሎችን በየደረጃው ያገኛል። አራተኛው ደረጃ ተሸካሚው በፍልሚያ አንድን ተጫዋች በጎዳ ቁጥር ተቃራኒዎችን ሁሉ ሦስት ሦስት የሕይወት ነጥብ ያሳጣል፤ አስደናቂው ግን የመጀመሪያው ነው። ቀለበት ተሸካሚውን ከእርሱ የበለጠ ጉልበት ያለው ፍጡር ሊመክተው አይችልም። ይህን በጥሞና ላነበበው፣ ቀለበቱን መስጠት የሚገባው ለግዙፉ አውሬ ሳይሆን ለትንሹ ነው፤ ጉልበቱ አንድ የሆነ ሆቢት፣ እንደ ፍሮዶና ሳም ያለ ትንሽ ፍጡር፣ በዘንዶዎች መካከል ሳይነካ ያልፋል። የመጽሐፉ ዋና ነገር፣ ታላላቆቹ ሊወጡት የማይችሉትን መንገድ ትንሹ የሚሄድበት ምክንያት፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሕግ ሆኖ ተቀምጧል፤ ታሪኩን ያልተረዳ ተጫዋች ቀለበቱን ለትልቁ ፍጡር እየሰጠ በሒሳብም ይከስራል።

የቀለበቱ የራሱ ካርድም አለ። አራት ማና ያስከፍላል፣ ሊሰበር አይችልም፤ ማናው ተከፍሎ ሲወጣም ባለቤቱን እስከ ቀጣዩ ተራው ድረስ ከሁሉም ነገር ይጠብቀዋል። ከዚያ በኋላ በተጠቀሙበት ቁጥር አንድ የሸክም ምልክት ይጨመርበትና በላዩ ባሉት ምልክቶች ልክ ካርድ ያስነሳል፤ ባለቤቱ በእያንዳንዱ ተራው መጀመሪያ ደግሞ በዚያው ልክ ሕይወት ያጣል፣ ባይጠቀምበትም። በየተራው የሚጠቀም ሰው በአራተኛው ጊዜ በድምሩ 10 ካርድ አግኝቷል፤ ተራው ዞሮ ሲመጣ ያጣው ሕይወትም 10 ይሆናል። በስምንተኛው ጊዜ 36 ይደርሳል፤ በዘጠነኛው 45። እኔ በምጫወትበት ኮማንደር በሚባለው የአጨዋወት ዓይነት ሁሉም የሚጀምረው በ40 ነጥብ ስለሆነ ቀለበቱን ሳይጥል እስከ መጨረሻ የተጠቀመ ሰው፣ ሌላ የሕይወት ምንጭ ከሌለው፣ ማንም ሳይነካው ይሞታል። ሞደርን በሚባለው የ60 ካርድ ውድድር ግን የአንድ ካርድ እስከ አራት ቅጂ መያዝ ስለሚፈቀድ ተጫዋቾች ሸክሙ የከበደውን ቀለበት በአዲስ ቅጂ እየተኩ ዋጋውን ይሸሹት ነበር። አንድ ብቻ ነው የተባለ ቀለበት አራት ሆኖ ሲመጣ ምን እንደሚከተል ቶልኪን ባይጽፈውም መገመት አያዳግትም፤ ካርዱ በታኅሣሥ 2024 ከሞደርን ታገደ። ፍርዱ ትክክል ነበር እላለሁ፤ ዋጋውን ያጣ ቀለበት ቀለበት አይደለምና።

ኮማንደር ይህን መሸሻ አይፈቅድም። ዴኩ መቶ ካርድ ነው፤ ከመሠረታዊ መሬቶችና ከጥቂት ልዩ ካርዶች በስተቀር የማንኛውም ካርድ አንድ ቅጂ ብቻ ይገባበታል፤ ብዙ ጊዜ አራት ሰው ይጫወተዋል፤ ከመቶው አንዱ ደግሞ ከጅምሩ ለሁሉም የሚታይ መሪ ነው። ፍሮዶና ሳም ከጥቂቶቹ ተጣማሪ መሪዎች መካከል በመሆናቸው ሁለቱም አብረው ይመራሉ፤ ለቀሩት 98 ቦታ ይተዋሉ። ሳም በየፍልሚያው መጀመሪያ አንድ ምግብ ያዘጋጃል። ምግቡ ሁለት ማና ከፍለው ሲበሉት ሦስት የሕይወት ነጥብ ይሰጣል፤ ሳም ካለ ግን አንድ ማና ይበቃዋል። ፍሮዶ ሲያጠቃ፣ ባለቤቱ በዚያ ተራ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሕይወት አግኝቶ ከሆነ፣ ቀለበቱ ይፈትነዋል። ሦስቱ በትክክል የአንድ ምግብ ልክ ነው፦ ሳም ካላበሰለ ፍሮዶ አይራመድም። የቀለበቱን ካርድ በዚህ ዴክ ውስጥ ሲያስገቡት ደግሞ ከላይ ያልኩት የሞት ሒሳብ ይለወጣል፤ በየተራው የሚበላው ምግብ የሸክሙን ጭማሪ ለተወሰነ ጊዜ ይቋቋማል እንጂ ለዘለቄታው አያሸንፈውም፤ ሦስት ነጥብ አራተኛውን ሸክም አይሸፍንም።

ሌሎቹም ገጸ ባሕርያት እንዲሁ ናቸው። የዙፋን ወራሽ ከሆነው ከአራጎርን ካርዶች መካከል እኔ የያዝኩት ቀለበቱ በፈተነ ቁጥር ብርታት የሚያገኘው ተሸካሚ ሆኖ የተመረጠው ሌላ ፍጡር ከሆነ ብቻ ነው፤ ለእርሱ የሚበጀው አለመውሰዱ ነው። በመጽሐፉ ቀለበቱን ከፍሮዶ ሊቀማ ሞክሮ ኋላ ሆቢቶችን ሲከላከል የሞተው ቦሮሚር ራሱን ሲሠዋ የቀሩት ፍጡራን በዚያ ተራ የማይጠፉ ይሆናሉ፤ በዚያው ቅጽበት ግን ቀለበቱ ይፈትናል፤ የሰውየው ውድቀትና ክብሩ በአንድ መስመር ተጽፈዋል። ቀድሞ ቀለበቱን ይዞ የነበረው ጎለም ከሜዳ በወጣ ቁጥር ፈተናው ይመጣል፤ ሌላ ፍጡር ከሠዉለትም ከመቃብር ወደ እጅ ይመለሳል። በጨዋታው መካከል ተቃራኒዎቼ ጎለምን ለመግደል ሲያመነቱ ሳይ ጠቢቡ ጋንዳልፍ በመጽሐፉ ስለ ምሕረት የተናገረው ይታወሰኛል፤ የእነርሱ ማመንታት ግን ከምሕረት የመጣ አይደለም።

ሁሉም ነገር እንዲህ ይገጥማል ማለት ግን አይደለም። ካርዶቹና ማናቸው በቀለም ይለያያሉ፤ የኮማንደር ደንብ በዴኩ ውስጥ ያሉት ካርዶች ከመሪዎቹ ቀለማት እንዳይወጡ ያዝዛል፤ የፍሮዶና የሳም ቀለማት ነጭ፣ ጥቁርና አረንጓዴ ናቸው። የዱም ተራራ፣ ጉዞው ሁሉ የተደረገለት የእሳት ተራራ፣ የጥቁርና የቀይ መሬት ነው። ካርዱ ራሱ ግሩም ነው፦ ተራራውንና አንድ ዝነኛ ዕቃ (ቀለበቱም ከእነዚህ አንዱ ነው) አብረው ሲሠዉ እስከ ሁለት ፍጡራን መርጦ የቀሩትን ሁሉ ማጥፋት ይቻላል፤ እነዚያ ሁለት እነማን እንደሆኑ አንባቢ አያጣውም። ይሁን እንጂ ቀይ ቀለም ስላለበት ፍሮዶና ሳም ወደሚመሩት ዴክ ሊገባ አይችልም። ቀለም የሌለው ቀለበት በማንም ዴክ ውስጥ ይገባል፤ የሚጠፋበት ስፍራ ግን ለተሸካሚዎቹ ተከልክሏል። አንዳንድ ወዳጆቼ በቤት ደንብ እንዳስገባው መክረውኛል፤ አላደረግሁትም፤ ታሪኩን የምወድ ሰው የጨዋታውን ሕግ ለታሪኩ ስል ባጣምም ቀሪው ትርጓሜ ሁሉ ዋጋ ያጣል።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ፤ አመለኛው አንባቢ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና። ከ98 ካርዶች ሰባት ሲነሡ አንድ የተወሰነ ካርድ በመጀመሪያው እጅ የመገኘት ዕድሉ ከአሥራ አራት አንድ ነው። በ60 ካርድ ዴክ አራት ቅጂ የያዘ ሰው ከቅጂዎቹ አንዱን የማግኘት ዕድሉ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። በኮማንደር ይህን ያህል አስተማማኝነት የሚፈልግ ሰው አንድን ካርድ ሳይሆን አንድን ሥራ ማባዛት አለበት፦ ምግብ የሚያዘጋጁ ወይም ሕይወት የሚሰጡ ካርዶች አሥር ከሆኑ ቢያንስ አንዱ በመጀመሪያው እጅ የመገኘት ዕድሉ ወደ 54 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ሳም ቢሞትም ምግቡ የሚቀጥልበት ዴክ ለመሥራት ሆቢቶችን በብዛት አስገብቻለሁ፤ ከእነርሱም ፔሬግሪን ቱክ እንደ ምግብ ያለ በካርድ ትእዛዝ የሚፈጠር ነገር በተፈጠረ ቁጥር አንድ ተጨማሪ ምግብ የሚሰጥ በመሆኑ ከመሪዎቹ ቀጥሎ የማልነካው ካርድ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ዓለምን የሚያድንበት ልቦለድ ብዙም የማይጥመኝን ያህል አንድ ካርድ ብቻውን የሚያሸንፍበት ዴክም አይጥመኝም፤ ሒሳቡ በዚህ ነጥብ ከእኔ ጋር ነው።

ብዙ ያስቸገረኝ የሚናገረው የዛፍ ፍጡር፣ ትሪቢርድ፣ ነው። ሲገባ ሁለት ምግብ ይዞ ይመጣል፤ ሕይወት ባገኘሁ ቁጥርም በዚያው ልክ አንድን ሆቢት ወይም የዛፍ ፍጡር ያሳድጋል። በመጽሐፉ ሆቢቶቹ ሜሪና ፒፒን የእርሱን መጠጥ ጠጥተው ቁመት መጨመራቸውን ለሚያስታውስ ሰው ደስ የሚል ካርድ ነው። ነገር ግን ያደገ ፍሮዶ ለመመከት የቀለለ ፍሮዶ ነው፤ ጉልበቱ አንድ በነበረ ጊዜ ሁለትና ከዚያ በላይ ያላቸው ሁሉ አይነኩትም ነበር፤ አራት ሲሆን ሁለትና ሦስት ያላቸውም ይደርሱበታል። የሚያዋጣው ዕድገቱን ለትሪቢርድ ለራሱ መስጠትና ፍሮዶን ትንሽ እንደሆነ መተው ነው። ይህን ከወሰንኩ በኋላ ትሪቢርድ ሁለተኛ የጥቃት መንገድ ሆነልኝ፤ ተቃራኒዎቼ ግዙፉን ዛፍ ሲመክቱ ፍሮዶ በጎን ያልፋል።

ያልተቋጨው የመሬቶቹ ቁጥር ነው። አሁን 37 መሬት አለኝ፤ ይህም በመጀመሪያዎቹ ሰባት ካርዶች ላይ በአማካይ ከ2.6 በላይ መሬት ይሰጣል፤ ፍሮዶ ርካሽ ስለሆነ 36 ይበቃል የሚሉኝ አሉ። ፍሮዶ ግን ብዙ ጊዜ ይሞታል፤ መሪ ሞቶ ዳግም በተጠራ ቁጥር ደግሞ ሁለት ማና ይጨመርበታል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ አራት ማና ተጨማሪ ይከፈልበታል ማለት ነው። ለጊዜው 37ቱን ይዤ እቀጥላለሁ፤ ለአዲስ ካርድ ቦታ ካስፈለገኝም የሚወጣው ከውድ ድግምቶቹ አንዱ ይሆናል።