ሦስት ትራስ ይዤ ወጣሁ

ጓደኛዬ መኪናውን ሲያውሰኝ ያልነገረኝ ነገር የለም። ዘይቱ ገና መቀየሩን፣ ፍሬኑ አስተማማኝ መሆኑን፣ ሦስተኛው ማርሽ ትንሽ እንደሚያስቸግር። ስለ ሾፌሩ ወንበር ግን ትንፍሽ አላለም። ቁልፉን ሰጥቶኝ ስንሰናበት ብቻ፣ እንደ ቀልድ አድርጎ፣ «ትራስ ነገር ያዝ» አለኝ።

እኔ እንደ ቀልድ አልወሰድኩትም። ሦስት ያዝኩ። አንዱ ከሥር የሚነጠፍ ወፍራም ስፖንጅ ነው። ሁለተኛው ወገብ መደገፊያ። ሦስተኛው አንገት ላይ የሚጠመጠመው ዓይነት። ታናሽ እህቴ አይታኝ «ልትነዳ ነው ልትተኛ?» አለች።

መንገዱ 620 ኪሎ ሜትር ነው። የአክስታችን ልጅ ይመረቃል፤ ዓርብ ሄደን እሑድ ልንመለስ ነው። እኔ እነዳለሁ። እህቴ ከኋላ። ከጎኔ ደግሞ አጎታችን፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ የጭነት መኪና የነዱ ሰው። መንገድ ላይ ብዙ አያወሩም። ሲያወሩ ግን ልክ ናቸው። የሚያናድደኝም ይሄው ነው።

ሊነጋጋ ሲል ወጣን። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት እንዴት ደስ ይል ነበር! እንዲያውም ጓደኛዬን በሆዴ ወቀስኩት። ለስላሳ፣ የሚያቅፍ ወንበር ነው። ምኑ ነው ትራስ የሚያስፈልገው? አሁን ሳስበው፣ መኪና ስንገዛም የምንሸወደው እንዲህ ነው። ሻጩ በሩን ይከፍትልናል፤ ሁለት ደቂቃ እንቀመጣለን፤ «ይመቻል» እንላለን። በሁለት ደቂቃማ የማይመች ወንበር የለም። በተለይ ለስላሳው ሲያታልል ለጉድ ነው። መጀመሪያ ውጥት ያደርጋል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስፖንጁ ተዳምጦ ያልቅና አጥንታችን ሥሩ ካለው ነገር ጋር ይተዋወቃል።

እኔም ተዋወቅሁ። መጀመሪያ ማርሹ በኩል ያለው መቀመጫዬ ላይ አንድ ነጥብ ጠዘጠዘኝ። ቀጥሎ በበሩ በኩል ወገቤን ያዘኝ። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። ክብደቴን ወዲህ ሳዞር ያኛው ይብሳል፤ ወዲያ ሳዞር ይሄኛው። መንገድ ዳር አቆምኩና ስፖንጁን ከሥሬ አነጠፍኩ።

ስፖንጁ ከፍ አደረገኝ። ከፍ ስል መስተዋቶቹ ሁሉ ሰማይ ማሳየት ጀመሩ። እነሱን አስተካከልኩ። ፔዳሉ ግን ራቀኝ፤ ስለዚህ ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩ። አሁን የወንበሩ ጠርዝ ከጉልበቴ ጀርባ እየተጫነኝ ባቴ ደነዘዘ። ወገቤን የሚደግፈውን ትራስ ጨመርኩ። እሱ ደግሞ ወደ መሪው ገፋኝ፤ ትከሻዬ ከመደገፊያው ተላቀቀ። በመጨረሻ የአንገቱን ጠመጠምኩ። የአንገቱ ትራስ ከኋላ ወፍራም ስለሆነ ጭንቅላቴን ወደ ፊት ደፋው። እንግዲህ ሥዕሉን አስቡት፤ መሪ ላይ የተለጠፈ፣ አንገቱን የደፋ፣ ጣሪያውን በፀጉሩ የሚጠርግ ሾፌር። ጋሼ አንዴ ገልመጥ አደረጉኝና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ሦስት ሰዓት ሲሞላን ነዳጅ ማደያ ገባን። በሩን ከፍቼ ስወጣ ቀና ማለት አቃተኝ። የመኪናውን ጣሪያ ተደግፌ፣ ደረጃ በደረጃ ነው የተዘረጋሁት።

«እንዴ! አያታችንን መሰልክኮ» አለች እህቴ።

«ትራሶቹን ከኋላ ጣላቸው» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ ከነትራሱ እንዲህ የሆንኩ ያለ ትራስማ ምን ልሆን ነው?»

«እንደፈለግህ» አሉና ወዲያ ወዲህ መራመድ ጀመሩ። እሳቸው ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው። መኪና ሲቆም አይቀመጡም። ይራመዳሉ፤ ጎማ በእግራቸው መታ መታ ያደርጋሉ፤ ተመልሰው ይገባሉ።

ከማደያው በኋላ ተራራው መጣ። ጠመዝማዛ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተማርኩ። ወንበር ጎንና ጎኑ ከፍ ያለው ለጌጥ አይደለም። ኩርባ ላይ ገላችን ወደ ውጭ ሲወረወር የሚይዘን እሱ ነው። እኔ ግን ስፖንጅ ላይ ከፍ ብዬ ተቀምጬ የወንበሩ ጎኖች ከሥሬ ቀርተዋል። ስለዚህ የያዝኩት መሪውን ነበር። መሪ ግን መዞሪያ እንጂ መንጠልጠያ አይደለም። ተራራውን ወጥተን ስንጨርስ ትከሻዬ ድንጋይ ሆኗል።

ከተራራው በታች አስፋልቱ አለቀና ኮረኮንች ጀመረ። የተቀመጠ ሰው ገላ ወደ ላይና ወደ ታች ሲናጥ ይበልጥ አብሮ የሚርገበገበው በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ያህል በሚደጋገም ንዝረት ነው። ሆድ ይንጣል፤ አከርካሪ ይንቀጠቀጣል። የከባድ መኪና ወንበር ብዙ ጊዜ ከሥሩ የራሱ ስፕሪንግ ወይም የአየር ከረጢት የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው። «እኛ በአየር ላይ ነበር የምንቀመጥ» አሉ ጋሼ፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ። በሰባት ሰዓት ውስጥ ያሉት ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ይሄ ነበር።

በአሥራ አንድ ሰዓት ደረስን። ከዚያ ስለ ምረቃው ብዙ የምለው የለኝም። ልጁ ተመረቀ፤ እኔ አብዛኛውን ጊዜ ቆሜ ነበር። ሰዎች «ቁጭ በል እንጂ» ሲሉኝ ፈገግ እላለሁ።

ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን አውጥቼ ስለ ወገብ ማንበብ ጀመርኩ። አልፍ ናኬምሶን የሚባል ስዊድናዊ የአጥንት ሐኪም ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰዎች አከርካሪ ዲስክ ውስጥ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሳይ ነገር ነው) መርፌ እያስገባ ግፊቱን ለካ። ውጤቱ፣ መቀመጥ ከመቆም ይልቅ ዲስክን ይጫናል የሚል ነበር። «አላልኩም!» ብዬ ልተኛ ስል ሌላ አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት የጀርመን ተመራማሪዎች አንድ ፈቃደኛ ሰው ወገብ ውስጥ መለኪያ ከተው አንድ ሙሉ ቀን ያህል ተከታተሉት። ዘና ብሎ ሲቀመጥ ግፊቱ ከመቆም አልበለጠም። ወደ ኋላ ደገፍ ሲል ደግሞ ጭራሽ ወረደ። አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ሁሉን ነገር እዚያ ላይ አልሰቅልም። ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ቀኑን ሙሉ ወደ ፊት ተገፍቼ ነዳሁ እንጂ ወደ ኋላ መች ተደገፍኩ?

ሌላም አነበብኩ። የአዋቂ ሰው ዲስክ መሃሉ ላይ የራሱ ደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከአካባቢው እየሰረገ በሚገባ ፈሳሽ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጫን ለቀቅ መደረግ ይረዳዋል። ጋሼ ነዳጅ ማደያው ላይ ሲራመዱ ታወሱኝ።

እሑድ ጧት ጋሼን ቀደምኳቸው። «እሺ፣ ወንበሩን እርስዎ ያስተካክሉልኝ» አልኳቸው። ይሄን ለማለት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

መጀመሪያ ያዩት ወንበሩን አይደለም። «ዙር» አሉኝ። የኋላ ኪሴ ውስጥ የኪስ ቦርሳዬ አለ። ወፍራም ነው፤ ያልተጣሉ ደረሰኞች ሞልተውታል። «በዚህ ላይ ነው አሥራ አንድ ሰዓት የተቀመጥከው?» አሉ። ቀጥለው ጡጫቸውን ወንበሩ ላይ ጫን ጫን አደረጉ። በበሩ በኩል ጡጫቸው ሰመጠ። ሾፌር ሲወጣና ሲገባ ሁልጊዜ የሚጫነው ያንን ጠርዝ ስለሆነ ስፖንጁ ቀድሞ የሚሞተው እዚያ ነው። ጎንበስ ብለው ከሥር አዩ። ስፖንጁን ከሚሸከሙት ሽቦዎች አንዱ ከመንጠቆው ወጥቶ ተንጠልጥሏል።

ሚስጥሩ ተፈታ። በአንድ በኩል ወንበሩ ወርዷል፤ በሌላ በኩል ቦርሳው እኔን ሰቅሎኛል። ዳሌዬ እንደ ተሰበረ ሚዛን አዘንብሎ ነው 620 ኪሎ ሜትር የተጓዝኩት። ከዚህ ላይ ሦስት ትራስ መደረብ ማለት ዘማማ ጠረጴዛ ላይ የጠረጴዛ ልብስ መደራረብ ነው።

ሽቦውን በፒንሳ ጎትተው መለሱት። የሰመጠው ቦታ ላይ አንዲት ቀጭን ፎጣ ለሁለት አጥፈው አነጠፉ። ትራስ አይደለችም፤ ጉድጓዱን ከሌላው እኩል የምታደርግ ብቻ። «ቂጥህን እስከ መጨረሻ ወደ ኋላ ግፋ» አሉኝ። ገፋሁ። «ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ርገጥ።» ረገጥኩ፤ ጉልበቴ ትንሽ እንደታጠፈ ቀረ። በጉልበቴ ጀርባና በወንበሩ ጠርዝ መካከል ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። መደገፊያውን ከቀጥታው ትንሽ ወደ ኋላ ለቀቁት፤ አንድ መቶ፣ አንድ መቶ አሥር ዲግሪ ገደማ። ክንዴን ስዘረጋ፣ ትከሻዬ ሳይነሳ፣ የእጄ አንጓ መሪው አናት ላይ አረፈ። ደረቴ ከመሪው ከ25 ሴንቲ ሜትር በላይ ርቋል። ዓርብ ዕለት እዚያው ላይ ተለጥፌ ነበር፤ ኤርባጉ ቢፈነዳ ምን ይውጠኝ እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

የራስ መደገፊያውን ወደ ላይ ሳቡት፤ ጫፉ ከአናቴ እኩል እስኪሆን። እኔ ለማሸለቢያ የተሠራ ይመስለኝ ነበር። ዋናው ሥራው ሌላ መኪና ከኋላ ሲመታን አንገታችን ወደ ኋላ እንዳይወረወር መያዝ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ አዳዲስ የቤት መኪኖች የፊት ወንበር ላይ ግዴታ ያደረገችው ለዚሁ ነው። የኔ የአንገት ትራስ ከሱ አርቆኝ ነበር።

አላበቁም። «ጎማውን ስንት አስሞላኸው?» አሉ። ረጅም መንገድ ነው ብዬ ጨመር አስደርጌ ነበር። የሾፌሩ በር ሲከፈት የሚታየውን ትንሽ ወረቀት አነበቡ፤ ጎማው ገና ቀዝቃዛ ሳለ ለኩ፤ የበዛውን አየር ፊስ አድርገው ለቀቁት። ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ እያንዳንዱን ጠጠር ወንበር ድረስ ያመጣል። እኔ ለካ ወንበሩን የምወቅሰው ጎማው በሚሠራው ነገርም ነበር።

ስንመለስ ጋሼ ከኋላ ተቀመጡ፤ እህቴ ከፊት። ሦስቱም ትራሶች ሻንጣ ቤት ውስጥ ናቸው። ብዙም ሳንሄድ እህቴ ወንበሯን አስተኝታ ጋደም አለች። ጋሼ ከኋላ ትከሻዋን ነካ አደረጓት። «ቀና አድርጊው እናቴ። እንዲህ ሆነሽ ፍሬን ቢያዝ በቀበቶው ሥር ሾልከሽ ነው የምትወጪው።» እውነት ነው፤ የደረቱ ቀበቶ ከደረቷ ርቆ አየር ላይ ቆሟል፤ የታችኛው ደግሞ ከዳሌ አጥንቷ ወደ ሆዷ ወጥቷል። አጉረመረመችና ቀና አደረገችው። እኔ በሆዴ ደስ አለኝ። ተራ ነው።

በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ቆምን። አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴም ያነሰ። መጀመሪያ ላይ «መቼ ልንደርስ ነው?» ስትል የነበረችው እህቴ በሦስተኛው ላይ ራሷ ቀድማ ወረደች። ማታ ካነበብኳቸው ውስጥ ይሄንን ነገርኳት፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገው ጥናት እንዳለው፣ በመኪናም ሆነ በአውሮፕላን አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ እጥፍ ያህል ያደርገዋል። ለጤነኛ ሰው አደጋው አሁንም ትንሽ ነው፤ ከ6,000 ሰው አንድ ገደማ። «ታዲያ ለምን ታስፈራራኛለህ?» አለችኝ። ባቷን እያሸች ግን።

እንዳታስቡ፣ ወንበሩ ወርቅ አልሆነም። ስምንተኛው ሰዓት ላይ ወገቤ መኖሩን አስታወሰኝ። መደገፊያውን አንድ ጥርስ ወደ ፊት አመጣሁት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ መለስኩት። ኮረኮንቹም ያው ኮረኮንች ነው። ግን ቤት ስደርስ በሩን ከፍቼ፣ ጣሪያ ሳልደገፍ፣ እንደ ሰው ወጣሁ።

በማግስቱ መኪናውን መለስኩ። ለጓደኛዬ ስለ ሽቦው፣ ስለ ፎጣዋ፣ ስለ ጎማው ሁሉ እየነገርኩት ገባና ተቀመጠ። ወዲያ አለ፤ ወዲህ አለ። ግንባሩን ቋጠረ።

«ምን አደረጋችሁብኝ? ዝቅ አለብኝኮ» አለና እጁን ወደ ኋላ ወንበር ሰድዶ የራሱን ትራስ አወጣ።