ከአረርቲ እስከ እነዋሪ፦ ዘሩና ውሃው

ሰሜን ሸዋን በአንድ መንገድ ተጉዞ መጨረስ አይቻልም። ምንጃር ሸንኮራ ቆላ ቀመስ ነው፤ ከቢሾፍቱ ሞጆ ወርዶ ወደ ግራ በመታጠፍ ይገባል። ደብረ ብርሃን፣ እነዋሪና መንዝ ደግሞ በደሴ መንገድ ናቸው። በአንድ ዞን ቢጠሩም እኔ ሁለቱን ያገናኘሁት አዲስ አበባ ላይ ዞሬ ነው።

ጥቅምት አጋማሽን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ቀደም ብሎ ማሳው ሁሉ አረንጓዴ ስለሆነ አንዱን ዝርያ ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ጥቅምት ላይ ጤፉ ዘንፍሎ፣ ስንዴው እሸት ይዞ፣ ሽምብራው አብቦ ስለሚገኝ ምርምር ካወጣቸው ዝርያዎች የትኛው የት እንደቆመ በዓይን ይታያል። የመጣሁትም ለዚሁ ነው፤ የምርምር ተቋም ሥራ የሚመዘነው በማሳ ነውና።

አስቀድሞ አንድ ግርታ ይጥራ። የዛሬው የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት በ1958 ዓ.ም የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ተብሎ የተመሠረተው ነው። ጤፍን ደብረ ዘይት፣ ስንዴን ቁሉምሳ፣ ገብስና ባቄላን ሆለታ ያሉት ማዕከሎቹ ያስተባብሩለታል። ደብረ ብርሃን ያለው ማዕከል ግን የእሱ አይደለም፤ የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ነው። ከታክሲ ሾፌር እስከ ቀበሌ ሊቀመንበር ሁሉም ሁለቱን በአንድ ስም «ምርምር» ይላቸዋል። ሥራቸው ግን ይለያያል። አገር አቀፉ ዘር ያዳቅላል፣ በብዙ ቦታ ያስሞክራል፤ የክልሉ ማዕከል ያ ዘር በዚህ ብርድና በዚህ አፈር ይሁን አይሁን ያጣራል፣ ካልሆነም የራሱን ያወጣል።

በምንጃሯ አረርቲ ከተማ ዙሪያ ያለው ጤፍ ነጭ ነው። ማኛ ሲባል የምንጃር ስም የሚነሳው በከንቱ አይደለም። ችግሩ ማኛ የሚባለው ዝርያ፣ ዲዜድ-01-196፣ ዋጋ እንጂ ምርት አያበዛም ነበር፤ ዱከም የተባለው ዲዜድ-01-974 ደግሞ ምርት እያለው በንጣቱ አይወደድም። ሁለቱን ማዳቀል ለመናገር ቀላል ነው። የጤፍ አበባ ግን በዓይን ለማየት እንኳ የሚያስቸግር ትንሽ ነገር ሆኖ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ የሚከፈተውም ከጠዋቱ 12፡45 እስከ 1፡30 ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ሰዓት ያገኙት ዶክተር ታረቀ በርሄ ናቸው፣ በ1966 ዓ.ም ገደማ። ከዚያ በፊት ጤፍ አይዳቀልም ተብሎ ተትቶ ነበር። ሥራው የሚሠራው በማጉያ መነጽር ሥር ነው፤ ወንዴው የአበባ ክፍል ብናኙን ሳይረጭ በቀጭን መቆንጠጫ ይነቀልና የሌላው ዝርያ ብናኝ ይደረግበታል። ሁለቱ ተዳቅለው የተገኘው ቁንጮ በ1998 ዓ.ም ተለቀቀ። ምንጃር ላይ ማሳ ዳር ቆሞ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ለጠየቀ፣ «ቁንጮ» የሚለው መልስ ሳይታሰብበት ይመጣል።

ሽምብራው ጋ ሲደረስ ነገሩ ይለወጣል። እዚህ «አረርቲ» የሚባል በከተማዋ ስም የተጠራ ነጭ ሽምብራ አለ፤ መነሻው ከኢካርዳ (ዓለም አቀፍ የደረቅ አካባቢዎች ግብርና ምርምር ማዕከል) ሆኖ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተለቀቀ ነው። የሚዘራው መረሬው፣ ማለትም ጥቁሩ ሸክላ አፈር፣ ውሃውን ሲለቅ፣ ከነሐሴ ማብቂያ ጀምሮ ነው። ከዚያ ቀድሞ የተዘራው ሥሩ ይበሰብሳል፤ ዘግይቶ የተዘራው ፍሬ በሚቋጥርበት ጊዜ እርጥበት ያልቅበታል። አሁን አበባና የመጀመሪያው ፍሬ ላይ ስለሆነ መፈተሽ ያለበት ጓይ ትል ነው፤ ፍሬው ላይ ክብ ቀዳዳ ከታየ ትሉ ጭንቅላቱን አስገብቶ እየበላ ነው ማለት ነው። የተበሳውን ቆጥሮ ለመወሰን ማሳውን በሰያፍ አቋርጦ ማየት ይሻላል፤ ዳር ዳሩን ብቻ ያየ ይሳሳታል።

ታዲያ ቁንጮ በሁሉም አፍ ሲገኝ አረርቲ በራሱ ከተማ ዙሪያ እንኳ ለምን ከአሮጌው ዘር ጋር ተደባልቆ ይታያል? መልሱ ቀላል ሒሳብ ነው። ጤፍ በሄክታር 15 ኪሎ ተዘርቶ 15 ኩንታል ቢሰጥ አንዱ መቶ ሆነ ማለት ነው። ገበሬ ከጎረቤቱ አንድ ጣሳ ተቀብሎ በሁለት ክረምት ማሳውን ሊሞላ ይችላል። ስንዴ 1.5 ኩንታል ተዘርቶ 30 ቢሰጥ 20 እጥፍ ብቻ ነው። ሽምብራ ከዚህም ያንሳል፤ በዚያ ላይ ዘሩ ለእሸትም፣ ለሽሮም፣ ለገበያም ይፈለጋል።

ይህ ሒሳብ የምርምሩን ድርሻ ልክ ያሳያል። ተቋሙ የሚያመርተው ብዙ ዘር አይደለም፤ ጥቂት ግን ንጹሕ የሆነ፣ የአራቢ ዘር የሚባለው የዝርያው መነሻ ዘር ነው። እሱ ቅድመ መሥራች፣ ከዚያ መሥራች፣ ከዚያ የተመሰከረለት ዘር ሆኖ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ክረምት ይፈጃል። አንድ ኩንታል የስንዴ አራቢ ዘር በ20 እጥፉ ስሌት ከሦስት ክረምት በኋላ 8,000 ኩንታል ነው፤ ይህ ከ5,300 ሄክታር ትንሽ ይበልጣል። ከሦስቱ ክረምቶች አንዱ በድርቅ ወይም በበጀት መዘግየት ከተዘለለ ዝርያው በወረቀት ላይ ተለቆ መሬት ላይ የለም። በእኔ እምነት «ምርምር ምን ሠራ?» የሚለው ቁጣ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከዚህ መሐል ላይ ከጎደለ ክረምት ነው፤ ቁጣው ግን የሚያርፈው ዘሩን ባወጣው ላይ ነው።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከፍታው ከ2,700 ሜትር በላይ። በጥቅምት ያለ ጋቢ ማደር አይቻልም፤ የመንዝ ባና ካገኙ ደግሞ የተሻለ። ውርጩ ባቄላን የሚመታው በዚህ ወር ነው፤ ከውርጩ ቀድሞ ደግሞ ቆርምድ አለ። ቅጠሉና ግንዱ ላይ እባጭ አውጥቶ የሚያኮማትረው ይህ በሽታ ካለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ ባቄላን ያስተወ ነው። እባጩን እንደ ነፍሳት ንክሻ አይቶ የፀረ ተባይ መድኃኒት የሚረጭ ሰው አሁንም አለ፤ ገንዘቡን ያፈሳል፣ ቆርምድ የሚመጣው በነፍሳት አይደለምና።

እነዋሪ በደነባ በኩል ይኬዳል። ሜዳው ጥቁር ነው፤ መረሬ። ሸክላነቱ ስለሚበዛ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጥና ውሃ አላሰርግ ይላል። ሥሩ አየር ያጣል፤ የተጨመረውም ዩሪያ እየተነነ ይጠፋል፤ ስንዴው ቢጫ የሚሆነው ማዳበሪያ ስላልተደረገለት ብቻ አይደለም። የእነዋሪ ሰው ግን ይህን ምርምር ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ዘሩን ከበተነ በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ ወርዶ አፈሩን በእጁ እያፈሰ ሰፊ መደብ ይሠራል፤ ጎኑ ቦይ ይሆናል። በ1970ዎቹ ማብቂያ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩትና አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል (ኢልካ) ከሌሎች ጋር ሆነው በመረሬ ላይ ሲሠሩ፣ ይህን የእጅ ሥራ በበሬ የሚተካ ቢቢኤም (ሰፊ መደብ ሠሪ) የሚባል መሣሪያ ሠሩ።

የመጀመሪያው ቢቢኤም ሁለት ማረሻ ነው። የሁለቱም ሞፈር አጥሮ በእንጨት ይገጣጠምና በአንድ ቀንበር ይጎተታል፤ በድግሩ ቦታ አፈር የሚገለብጥ ብረት ይገባል፤ ከኋላ የሚጎተት ሰንሰለት መደቡን ያስተካክላል፣ ዘሩንም ይሸፍናል። የሚወጣው መደብ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40፣ ጥልቀቱ 15 ገደማ ነው። ክብደቱ ግን የከሳ በሬ አይችለውም ነበር፤ በኋላ አይባርን የመሰሉ ቀለል ያሉ መጡ። መሬቱ ቀድሞ ሦስት አራት ጊዜ መታረስ አለበት፤ አፈሩ ጠግቦ ከረጠበ መሣሪያው ላይ ይለጠፍና መደብ ሳይሆን ጓል ይወጣል። ስለዚህ የሚሠራው ዝናብ ጠንክሮ ከመግባቱ በፊት፣ ከሰኔ ማብቂያ ጀምሮ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ዩሪያው ይከፈላል፤ ግማሹ ሲዘራ፣ ግማሹ ከ35 ቀን ገደማ በኋላ።

በመንገዱ ዳር ካየኋቸው ማሳዎች አንዱ መደቡ ደርቆ ስንዴው ቆሟል፤ ከሥሩ ያለው የጎረቤት ማሳ ጠርዝ ላይ ግን ቡቃያው ቀጭጮ ቀርቷል። የላይኛው ቦይ ውሃውን የሚያፈስሰው እሱ ላይ ነው። መሣሪያው መደብና ቦይ ያወጣል እንጂ ፈሰስ የት እንደሚወጣ አይወስንም፤ ይህን የሚወስኑት በአንድ ተዳፋት ያሉ ባለማሳዎች ተስማምተው አንድ ዋና ፈሰስ ሲቆፍሩ ነው። የምርምር ምክረ ሐሳብ በማሳ ይጻፋል፣ ውሃ ግን በተፋሰስ ይሄዳል፤ ከምክሩ የጎደለው ይህ ይመስለኛል።

ስንዴው ላይ የግንድ ዋግ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነጠብጣብ አለ፤ በጣት ሲዳሰስ ሸካራ፣ ቀለሙ የሸክላ። በ2002/03 መኸር ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ያጠፋው ቢጫ ዋግ ነበር፤ በ2006 አርሲና ባሌ ላይ ድገሉ የተባለውን ዝርያ የመታው ግን ይኸው የግንዱ ነው። ናሙና ሲወሰድ ግንዱ ከሽፋኑ ጋር ይቆረጣል፣ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ በወረቀት ፖስታ ይገባል። ፕላስቲክ ከሆነ ይታፈንና ዋጉ ይሞታል። አምቦ ካለው የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል ሲደርስ በ20 መለያ የስንዴ ዘሮች ላይ ይሞከራል፣ ውጤቱም በአምስት ፊደል ይሰየማል፤ ድገሉን የመታው የዋግ ዓይነት ቲኬቲቲኤፍ (TKTTF) ነው።

ፖስታው ላይ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና የዝርያው ስም ይጻፋል። የመጨረሻው ላይ የተጻፈው «የአካባቢ» የሚል ነው፤ ባለማሳው ዘሩን የገዛው ከገበያ ነው።